ያልተቀመሰ መረቅ

መጀመሪያ ውጋት ነበር። ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር፣ በግራ ጎኔ ከጡቴ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በወስፌ ጫፍ ነካ የሚያደርገኝ ይመስለኝ ነበር። ውጋት ደግሞ እንደ ሕመም አይቆጠርም፤ ማንን ወግቶት አያውቅም? ሰበታ በሚገኝ የክር ፋብሪካ ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የሚሠሩት ሴቶች፣ አንዷ ብርድ ነው፣ ፌጦ በጥብጠሽ ጠጪ ስትለኝ ሌላዋ ማሽኑ ላይ ስለምትጎነበሺ ነው ትለኛለች። ፌጦውን በጥብጬ ጠጣሁ። ወገቤን አቅንቼ መቆምም ለመድኩ። ውጋቱ ግን ለጥቂት ቀን ይተወኝና እንደገና ይመለሳል፤ ሲመለስም ብቻውን አይደለም። ማታ ማታ ትኩሳት ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ ላብ፤ ቀጥሎ ደግሞ ደረጃ ስወጣ ግድግዳ የሚያስይዝ ድካም።

ይህን ስጽፍ ሁለት ዓይነት ሰዎችን እያሰብኩ ነው። አንደኞቹ እንደ እኔ በሰው ሀገር ታመው፣ ሕመማቸው ስም ያጣባቸው ናቸው። ሁለተኞቹ እምነታቸውን የሚወዱ፣ ነገር ግን መልካም ሥራ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትንሽ ሸሸት የሚሉ ናቸው። ከሁለቱም ወገን ስለነበርኩ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ወላይታ ነው። የወንጌል አማኝ ነኝ። ሰው የሚድነው በጸጋ እንጂ በሥራው እንዳልሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬአለሁ፤ አሁንም እንደዚያው አምናለሁ። ወደ ሰበታ የመጣሁት ለሥራ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጴጥሮስ ደግሞ ሱሉልታ ግንበኛ ነው፤ እሑድ እሑድ እየመጣ ይጠይቀኛል። የምኖረው በአዴ ጫልቱና በባለቤታቸው በኦቦ ገመዳ ግቢ፣ ከጀርባ በተሠሩት የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነው። እነሱ የሀገሩ ገበሬዎች ናቸው። ከተማው መጥቶ ማሳቸውን በሦስት ወገን ቢከበውም እስከ ዛሬ ጤፍ ይዘራሉ። ኦርቶዶክሶች ናቸው። ጠዋት ስንገናኝ አዴ ጫልቱ “አካም ቡልቴ፣ አስቴር?” ይሉኛል፤ እኔም በምችላት ኦሮምኛ ደኅና ማደሬን ነግሬአቸው ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ከታመምኩበት ቀን በፊት በመካከላችን ከዚህ ብዙ ያለፈ ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ ይዞሻል አለኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ። ትኩሳቱ አልጨረሰም። ሁለተኛው ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ የሚጠጣ ነጭ ነገር ሰጠኝ። የጨጓራ ሕመም ጎን እንዴት ይወጋል ብዬ ብጠይቅ፣ የመረመረኝ ልጅ ሳያየኝ “ይሠራጫል” አለ። ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ፤ ታይፎይዱ አገርሽቷል ተባልኩ፤ በመርፌ ተጀመረልኝ። በዚያን ሰሞን የማስታውሰው ነገር ሁሉ ጉም የገባበት ነው። የተጠባባቂ ክፍል አግዳሚ ወንበር፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣ የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ። አንድ ቀን ተራዬን ስጠብቅ ባጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ስነቃ የእሷ ተራ አልፏል፤ እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ ስሟ ሲጠራ አልተነሣችም። ይቅርታ ብላት “እኔ ለአለርጂ ነው የመጣሁት፣ የትም አይሄድብኝም” አለችኝ። ፊቷን ዛሬ ላስታውሰው ብሞክር አልችልም። ትከሻዋን ግን አስታውሰዋለሁ።

ሌሊቱን አልወደውም ነበር። ላቤ ፍራሹን ያርሰዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ክረምቱ ይወርዳል፤ የማዳበሪያ ኮርኒሱ ላይ ያለው የውኃ እድፍ ቀስ እያለ ይሰፋና የእንሰት ቅጠል ይሆናል። ከቅጠሉ ሥር እናቴ ጎንበስ ብላ ስታልፍ አያታለሁ። ልጠራት አፌን ስከፍት ውጋቱ ይይዘኛል። ሲነጋ ኮርኒሱ ኮርኒስ ነው።

ከቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እህት ቡራዩ አንድ ሰው በደንብ የሚያይ ሐኪም አለ አለችኝ። ጴጥሮስ ከሱሉልታ ፈቃድ ወስዶ መጣና ታክሲ እየለዋወጥን ወሰደኝ። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ወረቀቶቼን ወደ ጎን አድርገው ሸሚዝሽን ከፍ አድርጊ አሉኝና ጀርባዬን በጣታቸው በር እንደሚያንኳኳ ሰው አንኳኩ። በቀኝ በኩል ባዶ እንስራ ይመስላል። በግራ በኩል ሲያንኳኩ ድምፁ ሞተ። እኔም ሰማሁት። እንደገና አንኳኩና “ቤቱ ውስጥ ውኃ አለ” አሉኝ።

ራጅ ተነሣሁ። ሳንባን ከውጭ እንደ ልብስ የሚሸፍነው ስስ ነገር ውስጥ ውኃ ቋጥሯል። በመርፌ ቀዱት፤ መልኩ ብርዝ የመሰለ ነበር። ውኃው ተመረመረና ቲቢ ነው ተባለ፣ የጥንት ሰዎች የሳንባ ነቀርሳ የሚሉት። ጴጥሮስ ኮሪደር ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲቆም፣ ከተወለደ ጀምሮ የማውቀው ጀርባው በድንገት የአንድ ሽማግሌ ጀርባ ሆነብኝ። ሐኪሙ ጠርተው አስቀመጡትና በእርጋታ አስረዱት፤ ሳል ስለሌለኝና ሕመሙ ከሳንባው ውጭ ስለሆነ ለሰው እንደማይተላለፍ፣ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚሰጥ፣ ሳይቋረጥ ከተወሰደ እንደሚያድን። ሳይቋረጥ የሚለውን ደጋግመው ነው የተናገሩት። የተቋረጠ እንደሆነ ሕመሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ሁሉ ከባድ ነው።

መድኃኒቱን በየጠዋቱ ሰበታ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷ ፊት መዋጥ ነበረብኝ። ቤታችን ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው። በክረምት ጭቃው ባጃጅ አያስገባም። ኦቦ ገመዳ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው ዱላቸውን ይዘው ከፊት ይሄዳሉ፤ እኔ የዱላውን ጫፍ ይዤ እከተላለሁ። ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ስለሆነ የሰበታ ሰው ሌላውን እንዲህ መምራት ያውቅበታል። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ላይ ያስቀምጡኝና ስመለስ እዚያው ቆመው አገኛቸዋለሁ። ሽንቴ ቀይ ሆኖ ሳየው ደም መስሎኝ ልቤ ቆሞ ነበር። ነርሷ ግን ሳቅ ብላ የክኒኑ ቀለም ነው አለችኝ። ይህንን አስቀድሞ የሚነግር ሰው ቢኖር መልካም ነው።

ክፉው ነገር ማስታወኩ ነበር። ክኒኑን በውጥኩ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይመለሳል። አፌ ውስጥ ሁልጊዜ የዛገ ብረት ጣዕም አለ፤ ውኃውም፣ ዳቦውም፣ ምራቄም ብረት ነው። ምንም አልበላም፤ ስለማልበላ ሆዴ መድኃኒቱን አይዝም። ነርሷ ጥቂት ነገር ቀምሰሽ ዋጪ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ መረቅ የመሰለ ኃይል የሚሰጥ ነገር ያስፈልግሻል አለችኝ። በዚህ ከቀጠልሽ ሪፈር እጽፍልሻለሁ፣ ተኝተሽ ትታከሚያለሽ አለች። እሷ ይህን ስትለኝ የሐምሌ መጨረሻ ነበር። ፍልሰታ ሊገባ ነው።

ጴጥሮስ እሑድ መጥቶ የመነመንኩትን ሲያይ አንድ ነገር ወስኖ ተቀመጠ። ወደ እናታችን ቤት ሊወስደኝ ነው። ነርሷ መዛወር ይቻላል፣ ግን ሆድሽ መድኃኒቱን ሳይዝ እንዲህ ሆነሽ መንገድ ብትገቢ እፈራለሁ ብላ ነበር። እኔም የምፈራውን አውቃለሁ። የእናታችን ቤት ከጤና ጣቢያ ሩቅ ነው፤ በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ ቀናት ሙሉ ሰው አይሻገርም። ሀገሬ ከገባሁ እናቴን አገኛለሁ፤ መድኃኒቱን ግን አጣለሁ። ይህን ስነግረው በቋንቋችን መለሰልኝ፤ ከዚያ ኮርኒሱን እያየ በአማርኛ ጨመረ። “እዚህስ ማን ያበላሻል? የግቢው ሰው ሁሉ ነገ ጾም ይገባል። ለአንቺ ማን እንቁላል ይሰብራል? እስከሚቀጥለው እሑድ አያለሁ፤ ካልያዘልሽ እንሄዳለን።”

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላየናቸውም። ዞር ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከየአቅጣጫው የጸሎት ድምፅ በጉሙ ውስጥ እየተንሳፈፈ ሲመጣ፣ በሬ ተንኳኳ። አዴ ጫልቱ በሁለት እጃቸው ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ገቡ። የሥጋ መረቅ ነበር፤ ላዩ ላይ ቅቤ ጠብ ብሎበታል። ለጾም ብለው አጥበው ቆጥ ላይ ከሰቀሉት የፍስክ ዕቃ ውስጥ አንዲቷን ትንሽ ድስት መልሰው አውርደዋታል፤ ከጾሙ ዕቃ ጋር እንዳትነካካ ደግሞ ለብቻዋ ከቤቱ ጀርባ ጠፈጠፉ ሥር በከሰል ምድጃ ጥደዋታል። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምሱም።

እኔ በጣም አፈርኩ። በጾማችሁ ምነው እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋሁት።

“ወንድምሽ አልዋሸም፤ እኛ ጾም ገብተናል” አሉኝ። “አንቺ ግን አልገባሽም። አንቺ ብዪ ተብለሻል፣ እኔ አትብዪ ተብያለሁ። ሁለታችንም የታዘዝነውን ነው የምናደርገው። በይ አፍሽን ክፈች።”

አንድ ማንኪያ ዋጥኩ። ብረት ነው። ሁለተኛውም ብረት ነው። “ጨውስ?” ብለው ጠየቁኝ፤ ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ ልክ ነው አልኳቸው። ጥቂት ጠጥቼ የኦቦ ገመዳን ዱላ ይዤ ወጣሁ። ያን ቀን ከክኒኑ ግማሹ ተመለሰ መሰለኝ፤ ነርሷ ግን ከትናንቱ ይሻላል አለች። በማግስቱም መረቁ መጣ። በሦስተኛው ቀን እንቁላል ጠብሰው አመጡ። በየቀኑ “ጨውስ?” ይላሉ፤ እኔም በየቀኑ ልክ ነው እላለሁ።

ከመብላቱ በኋላ ስተኛ ትኩሳቱ በቀስታ እንደ ውኃ ያነሣኝና ወደ ሐሳብ ይወስደኛል። ሰባኪያችን ሥራ አያድንም ሲሉ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ የሳህን ክዳን ሲከፈት ድምፁን እሰማለሁ። ሁለቱ ድምፆች አንዱ በሌላው ላይ ይጨመራል፤ የትኛው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። አንድ ጠዋት ነገሩን ጨክኜ ጠየቅኳቸው። “አዴ፣ ይሄን የሚያደርጉት ለጽድቅ ነው?”

ማንኪያውን እንደያዙ አዩኝ። “ለጽድቅማ እጾማለሁ” አሉ። “ይሄማ ስለራበሽ ነው።”

ከቤተ ክርስቲያናችንም ሰዎች ይመጡ ነበር። እጄን ይዘው ሲጸልዩልኝ ፍርሃቴ ከደረቴ ላይ ሲነሣ ይታወቀኛል፤ ይህንን ማንም ትንሽ ነገር ነው ቢለኝ አልቀበልም። ከመካከላቸው አንዲት እህት ብቻ ጌታ ፈውሶሻልና ክኒኑን አቁሚ፣ እምነትሽን በሥራ አሳዪ አለችኝ። ቅን ልብ እንዳላት አውቃለሁ። ነገር ግን የተባለው ሳይቋረጥ ነው። ለሽማግሌአችን ስልክ ደወልኩላቸው፤ ሲጸልዩልሽ አሜን በዪ፣ ክኒኑንም ዋጪ፣ ሁለቱን ማን አጣላቸው አሉኝ። ክኒን አቁሙ የሚል ምክር የሚሰጣችሁ ስታገኙ ሽማግሌአችሁን ወይም ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ መድኃኒታችሁን እንዳትተዉ።

በፍልሰታ የሥጋ መረቅ ሽታ ከአጥር አጥር ይሻገራል። የውኃ ቦኖው ከክፍሌ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ጄሪካን ሊሞሉ የሚመጡት ሴቶች የሚሉትን ተኝቼ እሰማለሁ።

“አዴ ጫልቱ ቤት ዘንድሮ ፍልሰታ አልገባም እንዴ?” ትላለች አንዷ።

“ተከራይዋ አጥምቃቸዋለች አሉ” ትላለች ሌላዋ። “ከእንግዲህ እልል ሳይሆን ሃሌ ሉያ ነው።”

ይሳሳቃሉ። እኔ ልነሣና ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ጉልበቴ ግን ከአልጋው ጠርዝ አላለፈም። ለአዴ ጫልቱ የሰማሁትን ስነግራቸው እሳቸው አስቀድመው ሰምተውታል። ለምን አይነግሯቸውም ብል “ብነግራቸው ያመሰግኑኛል” አሉኝ። “ካመሰገኑኝ ደግሞ ተከፈለኝ ማለት ነው። ተያቸው፣ ለቦኖው ወሬ ያስፈልገዋል።”

ወሬው ግን ከቦኖው አልፎ የነፍስ አባታቸው ጆሮ ደረሰ። ቄሱ አንድ ጠዋት ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ግቢው መካከል ቆመው አየኋቸው፤ በሬ ገርበብ ብሎ ነበር። አፍንጫቸውን ወደ ጠፈጠፉ አዙረው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ። አዴ ጫልቱ መርተው ወደ እኔ በር አመጧቸው። ቄሱ አዩኝ፤ ከሰውነት የተረፈኝ ዓይን ብቻ ነበር። ስሜን ጠየቁኝ፤ የሚያምሽ የት ነው አሉኝ፤ ጎኔን አሳየኋቸው። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አላወጡም፤ እንዳልጨነቅ ብለው መሰለኝ። ሲወጡ አዴ ጫልቱ ከኋላቸው አንድ ጥያቄ ሲጠይቁ ሰማሁ፤ ይህንን በአማርኛ ነበር።

“አባ፣ ጨዉን በምላሴ ጫፍ አይቼ ብተፋውስ?”

ቄሱ ቆመው አሰቡበት። “አይ ጫልቱ፣ ምላስሽ ካወቀውማ ምኑን ተፋሽው?” አሉ። “ገመዳም አይቀምስልሽም። ግዴለም፤ ከበዛ ውኃ ትጠጣበታለች።”

ያኔ ነው የገባኝ። እኚህ ሴት በየጠዋቱ የሚሠሩትን አንድም ቀን ቀምሰውት አያውቁም። በግቢው ውስጥ የሚቀምስላቸው ሰው የለም፤ ሁሉም ጾመኛ ነው። የማይጾመው አንድ ምላስ የእኔ ነው፤ እሱም ሞቷል። በጨለማ እንደሚፈትል ሰው በልምድ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ “ጨውስ?” የሚሉኝም ለወግ ሳይሆን የእውነት ስለማያውቁ ነው። እኔ ደግሞ የማላውቀውን ልክ ነው ስላቸው ነበር የሰነበትኩት።

ጴጥሮስ የሰጠኝ እሑድ ደረሰ። የዚያን ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ ያስተዋልኩት ነገር ፍራሹ ደረቅ መሆኑን ነው። ሌሊቱን አላላበኝም። ኮርኒሱን አየሁት፤ እድፉ እድፍ ነው። ከውጭ ጉሙ ወደ ባሕር ዛፎቹ ወገብ ወርዶ ግቢው ነጭ ሆኗል፤ አዴ ጫልቱ ከዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ሳህናቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ሲወጡ ሕልም መስሎኝ አየኋቸው። ተቀመጡ። ክዳኑን ከፈቱ። ማንኪያውን ተቀብዬ ጎረስኩ።

አፌ ተቃጠለ። ትኩስ ስለነበር አይደለም። ብረቱ የለም። በብረቱ ቦታ ከምላሴ ጫፍ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ አንድ ነገር ብቻ አለ። ከስንት ሳምንት በኋላ በዚህ ዓለም የቀመስኩት የመጀመሪያ ነገር ነው።

“ጨውስ?” አሉኝ እንደ ልማዳቸው።

“አዴ” አልኳቸው፣ “ጨው በዝቷል።”

መጀመሪያ ደነገጡ። ሳህኑን ሊወስዱብኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቆመ። በየቀኑ ልክ ነው ስትላቸው የነበረች ልጅ ዛሬ በዝቷል ማለቷ ምን ማለት እንደሆነ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ዘርግተውት የነበረውን እጅ ወደ አፋቸው ወሰዱና ለረጅም ጊዜ እዚያው ያዙት። “ገለቶሚ፣ ማሪያም” አሉ በቀስታ፤ እመቤታቸውን ማመስገናቸው ነበር። እኔም በልቤ ጌታዬን አመሰገንኩ። ከዚያ እንደ ኩነኔ ጨዋማ የሆነውን መረቅ አንድ ጠብታ ሳላስቀር ጠጣሁት።

ጴጥሮስ የመንገድ ሻንጣ ይዞ ሲመጣ ባዶውን ሳህን አየና አላመነም። ከድስቱ የቀረውን አዴ ጫልቱ አመጡለት፤ እሱም እንደ እኔ አይጾምም። አንዴ ፉት አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ። “እህቴ፣ ይሄንን ነው የምትጠጪው?” አለኝ በቋንቋችን። “ይሄ በሬ ይታከምበታል እንጂ ሰው ይታከምበታል?” አዴ ጫልቱ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ስተረጉምላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጴጥሮስም ሳቀ። ሲጨርስ ግን ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሻንጣውን እንዳመጣው ይዞት ወደ ሱሉልታ ተመለሰ። በዚያን ቀን የዋጥኩት ክኒን አልተመለሰም። በማግስቱም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን።

መድኃኒቱን ሳላቋርጥ ጨርሼ ጥር ላይ ነርሷ ካርዴን ዘጋችልኝ። የመጨረሻው ራጅ ላይ የግራ ጎኔ እንደ ቀኙ ጥቁር ነው፤ ውኃው የለም። ወደ ፋብሪካው ተመልሻለሁ። ስሮጥ ብቻ ትንሽ ይወጋኛል፤ እኔም አልሮጥም።

በጉባኤ ምስክርነት ስጪ ስባል የሆነውን እንደሆነው ተናገርኩ። ጌታ ፈወሰኝ አልኩ፤ የፈወሰኝም በእነማን እጅ እንደሆነ ተናገርኩ። ከስብሰባው በኋላ አንድ ወንድም በትሕትና ቀረብ ብሎ፣ ስለ ሥራ ብዙ አልሽ፣ ሰው ግራ እንዳይጋባ አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር። እንዲህ አልኩት፤ ያ ሥራ አዴ ጫልቱን ያጸድቃቸው እንደሆነ ፈራጁ ያውቃል፣ እኔን ግን አብልቶኛል። እምነቴን አንድ ሰው ቢጠይቀኝ የማምነውን አልለወጥኩም። የለወጥኩት የታመመ ሰው ልጠይቅ ስሄድ የማደርገውን ነው። እጁን ይዤ ከመጸለዬ በፊት በልተሃል ወይ እላለሁ። አልበላሁም ካለኝ ጸሎቱ ትንሽ ይቆየናል።

ውጋት ይዞት ማታ ማታ የሚያተኩሰው ሰው ይህንን የሚያነብ ከሆነ፣ ታይፎይድ ነው ተብሎ መድኃኒት ጨርሶ ካልተሻለው፣ ጀርባውን የሚያንኳኳ ሐኪም ይፈልግ፤ ራጅም ይጠይቅ። ቲቢ ከተባለ አይደንግጥ፤ ይድናል። ቀይ ሽንት አያስፈራው። ክኒኑ ከተመለሰበት ለነርሷ ይንገር እንጂ ደብቆ አይተው። የሚያመጡለትን ደግሞ ይቀበል። እኔ ሳህኑን መጀመሪያ የገፋሁት ጨዋነት መስሎኝ ነው።

አሁን ሁዳዴ ነው። ባለፈው ሰንበት ከጎረቤታችን አጥር ወዲያ አንዲት ልጅ ወለደች። አራስ ስለሆነች አትጾምም፤ እናቷም እንደ እኔ እናት ሩቅ ናት። ትናንት ጠዋት ወደ ፈረቃዬ ልወጣ ስል አዴ ጫልቱ ከጠፈጠፉ ሥር ጠሩኝ። ትንሿ ድስት ከሰሉ ላይ ናት። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር፣ በጉሙ ውስጥ ጫማዬን በጭቃው እየጎተትኩ ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። እሳቸው ፊታቸውን ከእንፋሎቱ ዞር አድርገው፣ ማማሰያውን አውጥተው ያዙልኝ።

መዳፌን ዘረጋሁ። ጠብ አደረጉልኝ። ቀመስኩት።

“ትንሽ ይጨመርበት” አልኳቸው።

ሳይጠራጠሩ ቆንጠር አድርገው ጨመሩበት።